የአህያ ትል፦ ከፋንድያ ምርመራ እስከ መድኃኒት አሰጣጥ

ባለፈው ጥቅምት አንዲት እናት አህያቸውን እየጎተቱ ወደምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ መጡ። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። "ልጄ፣ ትበላለች፣ ትበላለች። የት እንደምታደርገው ግን እግዜር ይወቅ" አሉኝ። የአህያዋ ጎድን ይቆጠራል። ሆዷ ግን እንደ ርጉዝ ወጥቷል። ክረምቱ አልፎ ሣር ጠግባ ፀጉሯ መተኛት ሲገባው ቆሟል፤ አቧራ የለበሰ ይመስላል።

"መድኃኒትማ ሰጥቻታለሁ" አሉና ከመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩትን ባዶ ላስቲክ ፈትተው አሳዩኝ። የበግ አልቤንዳዞል ነው፤ ባለ 300 ሚሊግራም። ሁለት ፍሬ ሰጥተዋታል። የሸጠላቸው ሰው "አህያ የበግ እጥፍ ናት" ብሏቸው ነው። አህያዋን ስንለካት 123 ኪሎ ገደማ ሆነች። የእጥፉ ነገር እዚያው ፈረሰ። አራት በግ ታህላለች።

እንዲህ ዓይነት ነገር በየሳምንቱ ያጋጥመኛል። አህያ ያለው ሰው ለመድኃኒት ገንዘብ አይሰስትም። ሳይመዝን፣ ሳያስመረምር፣ የተገኘውን መስጠቱ ነው ችግሩ። ስለዚህ እኔ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የምከተለውን አካሄድ ልንገራችሁ። ቆላ ያላችሁ ወራቱን እንደ አካባቢያችሁ ዝናብ አስተካክሉት።

አንድ ነገር በቅድሚያ። ትል የሌላት አህያ ፈልጋችሁ አታገኙም። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በአገራችን ወደ 3000 የሚጠጉ የሥራ አህዮች የታዩበት ጥናት አለ። 99 ከመቶዎቹ ስትሮንጃይል የሚባለው ክብ ትል ነበረባቸው። 80 ከመቶዎቹ የጉበት ትል፣ 51 ከመቶዎቹ ወስፋት ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ "አህያዬ ትል አለባት ወይ?" ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። አለባት። መጠየቅ ያለበት ምን ያህል፣ የትኛው ዓይነት የሚለው ነው። ሥራችንም ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው። ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። ጨርሼ አጠፋለሁ ብሎ በየወሩ መድኃኒት የሚያጎርስ ሰው መድኃኒት የማይገድለውን ትል ነው የሚያረባው።

የትኛው ትል?

ረጅም የስም ዝርዝር አላወጣም። አራት አምስቱን ካወቃችሁ ይበቃል።

ዋናዎቹ ስትሮንጃይሎች ናቸው። ትልቅና ትንሽ አሏቸው። የትልቆቹ እጭ ከሣር ጋር ይዋጥና አንጀት ውስጥ አርፎ አይቀመጥም። አንዱ ዓይነት ለአንጀት ደም በሚያደርሰው የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሽቅብ ይጓዛል። የደም ሥሩ ይቆስላል፣ ይወፍራል፣ ደም ይረጋበታል። የረጋው ደም ተነቅሎ ሲሄድ የአንጀቱን የደም መንገድ ይዘጋል። ትናንት ደህና የነበረች አህያ ዛሬ በቁርጠት ወድቃ የምትገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይህ ትል ከተዋጠ በኋላ አድጎ እንቁላል እስኪጥል 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። በእነዚህ ወራት ጉዳቱን እያደረሰ ነው፤ ፋንድያ ብታስመረምሩ ግን እንቁላል አታዩም።

ትንንሾቹ ደግሞ ሌላ ብልሃት አላቸው። የትልቁን አንጀት ግድግዳ ሰርስረው ይገቡና ከረጢት ሠርተው ይተኛሉ። ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ። አብዛኛው መድኃኒት እዚያ አይደርስባቸውም። ከዚያ በሺዎች ሆነው በአንድ ጊዜ ሲወጡ አንጀቱ ይላጣል። አህያዋ ታስቀምጣለች፣ ትከሳለች፣ ከሆዷ ሥር ውሃ ይቋጥራል።

ወስፋት የውርንጭላ ጠላት ነው፤ ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ። የጉበት ትል ጨፌና ረግረግ ባለበት ሁሉ አለ፤ በቀንድ አውጣ በኩል ነው የሚመጣው። ኮሶም ይይዛታል፤ የእኛው የሰው ኮሶ ግን አይደለም። የሳንባ ትልን አህያ ብዙ ጊዜ ሳትታመም ተሸክማው ትኖራለች። አብሯት የሚግጠው ፈረስ ግን ይስላል። ፈረስ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ።

በእግሯ ፀጉር ላይ የተጣበቀ፣ የሰናፍጭ ፍሬ ያላከለ ቢጫ ነገር ካያችሁ የዝንብ እንቁላል ነው። እግሯን ስትልስ ወደ አፏ ይገባል፤ እጩ ጨጓራዋ ላይ ተጣብቆ ይከርማል። ትል ባይሆንም በዚያው ዘመቻ ይጠቃለላል። እጃችሁን ሸፍናችሁ በቢላ ጀርባ ፋቁት።

ደረጃ አንድ፦ አህያዋን በደንብ ማየት

አህያ ሕመሟን ትደብቃለች። ፈረስ ሆዱን ሲቆርጠው ይንከባለላል፣ ይራገጣል። አህያ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች። ባለቤቱም "ዛሬ ደክሟታል" ብሎ ይጭናታል።

ስለዚህ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ፤ እጃችሁን ተጠቀሙ። መዳፋችሁን ጎድኗ ላይ አሳርፉና ሳትጫኑ አንሸራቱ። አጥንቱ እንደ መሰላል ከተቆጠረ ከስታለች። ሆዷ ትልቅ መሆኑ አያታላችሁ፤ ገለባ ብቻ የምትበላ አህያም ሆዷ ትልቅ ነው። የላይኛውን ከንፈሯን ገልጣችሁ ድዷን እዩ። ቀላ ያለ ሮዝ መሆን አለበት። ነጣ ካለ ደም አንሷታል። ጭራዋን አንሡ፤ ከሥሩ ግራጫ ቢጫ ቅርፊት ካለና ጭራዋን ግድግዳ ላይ የምታሽ ከሆነ የፊንጢጣ ትል ሊሆን ይችላል። እዚያ ቦታ በውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ጨርቁ ይቃጠላል።

ከሲታ አህያ ሁሉ ግን ትል አላከሳትም። ያረጀች ከሆነች ጥርሷን አሳዩ። ጥርሷ ተስሎ ጉንጯን የሚቆርጣት አህያ የምታኝከውን መልሳ ትተፋለች፤ የፈለጋችሁትን መድኃኒት ብትሰጧት አትወፍርም። ቆላ የምትሠራ ከሆነች ገንዲ ሊሆን ይችላል። ጀርባዋ ገጣባ ከሆነና ከጭነት ካላረፈችም ከሲታ መሆኗ አይገርምም። ከአፍንጫዋ ወይም ከአፏ ደም ካያችሁ ደግሞ ምንጭ ስትጠጣ የገባ አልቅት አለመሆኑን አረጋግጡ። አልቅትን የትል መድኃኒት አያወጣውም።

ደረጃ ሁለት፦ ፋንድያ መሰብሰብ

ይህችን ደረጃ ሰዉ ሁሉ ይዘላታል። እኔ ግን ከሁሉም አስበልጣታለሁ፤ ርካሽም ናት።

ጠዋት ከጋጣ ስትወጣ ጠብቋት። ፋንድያውን እንደጣለች፣ ገና ሲሞቅ፣ መሬት ያልነካውን ከላይ አንሡ። ፌስታል እንደ ጓንት እጃችሁ ላይ አጥልቁና አንድ እፍኝ ዝገኑ፤ ከዚያ ፌስታሉን ገልብጣችሁ ውስጡ አስቀሩት። አየሩን ጨምቃችሁ አስወጡና እሰሩት። አየር ካለበትና ከሞቀ እንቁላሉ ይፈለፈላል፤ ላብራቶሪው የሚቆጥረው ያጣል። የአህያዋን ምልክትና ቀኑን ጽፋችሁ ከላይ ለጥፉበት። ጥላ ውስጥ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አስቀምጡና በዚያው ቀን አድርሱት። ማደር ካለበት ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ፍሪጅ ከሌለ እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ እንስራ አጠገብ ማስቀመጥ ይሠራል።

ላብራቶሪው ማክማስተር በሚባል መቁጠሪያ መስታወት በአንድ ግራም ፋንድያ ውስጥ ስንት እንቁላል እንዳለ ይቆጥራል። የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ በዚህ መንገድ አይታይም። ጨፌ የምትግጥ ከሆነች "የጉበት ትልም እዩልኝ" በሉ፤ ዝቃጩን አጥልለው ያዩታል። የሳንባ ትልም የራሱ ዘዴ አለው። ካልጠየቃችሁ አይሠራላችሁም።

ቁጥሩን እንዴት እንተርጉመው? እኔ ለትልቅ አህያ ከ300 በታች ሆኖ ሰውነቷም ደህና ከሆነ መድኃኒት አልሰጥም። ከ500 በላይ ከሆነ እሰጣለሁ። በመካከሉ ያለችውን አህያዋን አይቼ፣ ወሩን አይቼ እወስናለሁ። የእማማ አህያ 1400 ነበረች። ቁጥሩን ስነግራቸው "በአንዲት ግራም?" አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ከዚህ ቁጥር መደናገጥ ግን አያስፈልግም፤ ቅድም ባነሣሁት ጥናት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አህዮች ከ1000 በላይ ነበራቸው።

ደረጃ ሦስት፦ መመዘን

ሚዛን ከየት ይመጣል አትበሉኝ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሜትር ከሌለ ገመድ አዙሩና ገመዱን በማስመሪያ ለኩት።

አህያዋን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ። ሜትሩን ከፊት እግሮቿ ኋላ፣ ከብብቷ ሥር አድርጋችሁ በደረቷ ዙሪያ አዙሩት። ከላይ ትከሻዋ ካበቃበት በስተኋላ ይውጣ። አታጥብቁ፣ አታላሉ። ትንፋሿን ስታስወጣ አንብቡ።

ዙሪያዋ 100 ሳንቲሜትር ከሆነ ወደ 91 ኪሎ ናት። 105 ከሆነ 104 ኪሎ። 110 ከሆነ 117 ኪሎ። 115 ከሆነ 132፣ 120 ከሆነ 148 ኪሎ። ይህ ለአዋቂ አህያ ብቻ ነው፤ ለውርንጭላ አይሠራም። ርጉዝ ላይም ትንሽ ያዛባል። ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ቁጥር ካገኛችሁ ወደ ላይኛው አስጠጉት። ትንሽ ከፍ ማለት ከትንሽ ዝቅ ማለት ይሻላል። ጎዶሎ መድኃኒት ደካማውን ትል ገድሎ ጠንካራውን ለዘር ያስቀራል።

ደረጃ አራት፦ መድኃኒት መምረጥ

መድኃኒት ቤት ስትገቡ "የአህያ ትል መድኃኒት" ብቻ ካላችሁ በእጅ ያለውን ይሰጧችኋል። የምርመራውን ውጤት ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ የመድኃኒቱን ስም ጠርታችሁ ጠይቁ።

ፌንቤንዳዞል ለአህያ ከማምናቸው አንዱ ነው። 7.5 ሚሊግራም በአንድ ኪሎ ነው ሂሳቡ። አህያችሁ 120 ኪሎ ከሆነች 900 ሚሊግራም ማለት ነው። ርጉዝም ላይ ችግር የለበትም።

አልቤንዳዞል በየመንደሩ የሚገኘው እሱ ነው። ለከብትና ለበግ የተዘጋጀ ስለሆነ መጠኑን ባለሙያ ያስላላችሁ። ለርጉዝ አህያ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ አይሰጥም፤ ፅንስ ይጎዳል። አህያ 12 ወር ያህል ስለምታረግዝ መጀመሪያ ላይ ሆዷ አያስታውቅም። ከወንድ ጋር የዋለች ከሆነች ርጉዝ ናት ብላችሁ ቁጠሩ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። "አምና አልቤንዳዞል ሰጥቻለሁ፣ ዘንድሮ ልቀይር" ብሎ ፌንቤንዳዞል የሚገዛ አለ። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ትሉ አንዱን ከተላመደ ሌላውንም ተላምዷል። ትንንሾቹ ስትሮንጃይሎች ደግሞ ይህን ቤተሰብ በመላመድ በዓለም ዙሪያ የታወቁ ናቸው።

አይቨርሜክቲን የተለየ ቤተሰብ ነው። ስትሮንጃይልን ከነሚጓዘው እጭ፣ የሳንባ ትልንና ጨጓራ ላይ የሚጣበቀውን የዝንብ እጭ ይይዛል። 0.2 ሚሊግራም በኪሎ ነው። ለፈረስና ለአህያ ተብሎ በአፍ የሚሰጥ፣ በሲሪንጅ የታሸገ ቅባት መሰል ዓይነት አለው፤ ከተገኘ እሱ ነው የሚመረጠው። ዘንጉ ላይ ኪሎ ስለተጻፈ ቀለበቱን ማቆም ብቻ ነው። ለከብት የሚወጋውን ግን ገዝታችሁ ራሳችሁ አትውጉ። የተወጋበት ቦታ ሊያብጥና ሊመግል ይችላል፤ ባለሙያ ይወስን። አይቨርሜክቲን የጉበት ትልንም ኮሶንም አይነካም። "ሁሉን ይገድላል" የሚላችሁን አትስሙ።

ለኮሶ ፕራዚኳንቴል አለ። ለጉበት ትል ትሪክላቤንዳዞል ነው፤ ትልቁንም ገና ያላደገውንም ይገድላል። ሁለቱንም ያለ ምርመራ ውጤት አትስጡ።

ቴትራሚሶልና ሌቫሚሶል ያለባቸውን ለአህያ እንድትሰጡ አልመክርም። በሚያድነውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። በበግ የለመደ እጅ በአህያ ላይ ይስታል።

ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬ ለሰው የኖሩ የአባቶቻችን መድኃኒቶች ናቸው። ለአህያ ምን ያህል እንደሚሰጥ የተሰፈረ ነገር የለም፤ አትሞክሩት። የትምባሆ ውሃ ማጠጣት ደግሞ መርዝ ማጠጣት ነው።

ስትገዙ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ዕቃ አትግዙ።

ደረጃ አምስት፦ መስጠት

ብዙ አህያ በትል ሳይሆን በአሰጣጥ ስትጎዳ አይቻለሁ። ራሷን ወደ ሰማይ ሰቅለው ጠርሙስ አፏ ውስጥ ይደፍቁባታል። ውሃው በሳንባዋ ይገባል። ከሦስት ቀን በኋላ ሳንባዋ ታሞ ትመጣለች፤ ባለቤቱም "መድኃኒቱ ከበዳት" ይላል።

እንዲህ አድርጉ። ጠዋት ሳትጫን፣ ተረጋግታ ሳለች ይሁን። አንድ የምታውቀው ሰው ከጎኗ ቆሞ ይያዛት። አፏ ውስጥ ያኘከችው ሣር ካለ እስክትውጥ ጠብቁ ወይም በትንሽ ውሃ አጉመጥምጧት፤ አለዚያ መድኃኒቱን ከሣሩ ጋር ትተፋዋለች።

ኪኒን ከሆነ በንጹሕ ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ አድቅቁትና በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡት። ርጉዝ ሴት አልቤንዳዞል አታድቅቅ፤ ሌላ ሰው ይሥራው። ብርጭቆ ጠርሙስ ይነከሳል፣ ይሰበራል። ትንሽ የሃይላንድ ጠርሙስ ወይም መርፌ የሌለው ባለ 60 ሲሪንጅ ይሻላል።

ከፊት ጥርሷና ከመንጋጋዋ መካከል ጥርስ የሌለበት ክፍት ቦታ አለ፤ ልጓም የሚያርፍበት። የጠርሙሱን ወይም የሲሪንጁን አፍ በዚያ በኩል በጎን አስገቡ። ራሷ ከትከሻዋ እምብዛም ከፍ አይበል። አፍንጫዋ ከግንባሯ መስመር በላይ ከወጣ አበዛችሁት። ጥቂት ጥቂት ጨምሩላት። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ እያያችሁ ቀጣዩን። ካሳለች ወዲያው ራሷን ልቀቁላት፤ ቆይታችሁ ቀጥሉ። ቅባት መሰሉን በምላሷ ኋላ ላይ አድርጉና እስክትውጠው አገጯን በመዳፋችሁ ደግፉ።

እምቢ ካለች ግብግብ አትግጠሙ። በሁለት እፍኝ እርጥብ ፉርሽካ ላይ ትንሽ ስኳር ነስንሳችሁ ደባልቁላት። ዕቃውን ልሳ እስክትጨርስ ግን ከአጠገቧ አትጥፉ። ግማሹ ከቀረ ግማሽ መድኃኒት ነው የሰጣችሁት።

ጾም አታስውሏት። አንዳንዱ "ትሉ እንዲርበው" ብሎ ቀኑን ሙሉ ያስራባታል። አህያ ሳትበላ ውላ ካደረች ስቧ ወደ ደሟ ይፈስና ጉበቷን ያውካል፤ ከዚያ በኋላ ማዳን ከባድ ነው። በተለይ ርጉዝ፣ የምታጠባ ወይም የወፈረች ከሆነች።

ከዚያ በኋላ

በዚያ ቀን አትጭኗት። ሁለተኛውን ቀን ቀለል ያለ ሥራ ትችላለች። ከዚያ ውጭ ግን ሁለት ሦስት ቀን ጋጣ ወይም ግቢ ውስጥ ታስራ ትዋል። የምትጥለው ፋንድያ በእንቁላልና በትል የተሞላ ስለሆነ መስክ ላይ እንዳይበተን ነው። እሱን ሰብስቡና ቅበሩት ወይም ከማዳበሪያው ጉድጓድ መሃል ክተቱት። ፋንድያው ላይ ትል ብታዩ ደስ ይበላችሁ፤ ባታዩም አትዘኑ። ትንንሾቹ በዓይን እምብዛም አይታዩም።

በ14ኛው ቀን ፋንድያ መልሳችሁ አስቆጥሩ። መጀመሪያ 900 ከነበረችና አሁን 45 ከሆነች እንቁላሉ 95 ከመቶ ቀንሷል፤ መድኃኒቱ ሠርቷል። 360 ከሆነች ግን 60 ከመቶ ብቻ ነው። ያኔ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሙሉውን ውጣዋለች? ክብደቷን በትክክል ለክተናል? መድኃኒቱ ደህና ነበር? ሦስቱም አዎ ከሆኑ ትሉ ያንን ቤተሰብ ተላምዶታል፤ ከሌላ ቤተሰብ መቀየር ነው። የእማማ አህያ ከ1400 ወደ 50 ወርዳ ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው ላስቲኩ በነበረበት መቀነት ቋጠሩት።

ጋጣና መስክ

መድኃኒት ሆድ ውስጥ ያለውን ይገድላል። አብዛኛው ትል ግን ውጭ ነው፤ ሣሩ ላይ። እንቁላሉ በሙቀትና በእርጥበት ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ለመዋጥ የተዘጋጀ እጭ ይሆናል። ጤዛውን ይዞ ሣሩ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ፋንድያን ከማሰሪያዋ ዙሪያ በሳምንት ሁለቴ ካነሣችሁ ትሉን ሳይፈጠር አቆማችሁት። አካፋና አሮጌ ጆንያ ነው የሚፈልገው። እውነቱን ልናገር፣ አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ መድኃኒት ከመግዛትና ፋንድያ ከማንሣት አንዱን ምረጥ ቢለኝ አካፋውን አነሣለሁ።

የሰበሰባችሁትን በአንድ ቦታ ቆልሉት፤ በቅጠል ወይም በላስቲክ ሸፍኑት። ውስጡ ሲግል እንቁላሉና እጩ ይሞታል። ጫፉ ላይ ያለው ስለማይግል በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት። ትኩስ ፋንድያ በክረምት መስክ ላይ አትበትኑ።

ምግቧን መሬት ላይ አትጣሉላት። ድንጋይ ደርድራችሁ ጭቃ የመረጋችሁበት ግርግም ይበቃል፤ አሮጌ በርሜል በቁመቱ የተሰነጠቀም ያገለግላል። ኩሬ ከምትጠጣ ገንዳ ሙሉላት።

ጨፌው ላይ አጥብቄ መናገር የምፈልገው አለ። ክረምት ወጥቶ ውሃው ሲሸሽ ጠርዙ ላይ የሚበቅለው ለምለም ሣር የጉበት ትል ማዕድ ነው። እጩ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ሣሩ ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። ከመስከረም እስከ ኅዳር አህያዋን ወደ ተዳፋቱ፣ ወደ ደረቁ ውሰዷት። የግድ ጨፌው ከሆነ ሣሩን አጭዳችሁ በደንብ አድርቃችሁ ስጧት። ከብትና በግ በዚህ አይረዷችሁም፤ የጉበት ትሉ አንድ ነው። ለስትሮንጃይል ግን ይረዳሉ። የአህያን ስትሮንጃይል እጭ ከብት ሲበላው ሆዱ ውስጥ ሞቶ ይቀራል። አህያና ከብት እየተፈራረቁ የሚግጡት መስክ ስለዚህ ይጸዳል።

ከገበያ አዲስ አህያ ስትገዙ ቀጥታ ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅሉ። ለብቻ እሰሩ፣ ፋንድያዋን አስመርምሩ፣ አስፈላጊ ከሆነ መድኃኒት ስጡ። ከዚያ በኋላ ትቀላቀል።

ውርንጭላ

ውርንጭላ የራሱ ሕግ አለው። የወስፋት እንቁላል ቅርፊቱ ወፍራም ነው፤ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ከጋጣው ግድግዳ፣ ከእናቱ ጡት ላይ ይልሰዋል። እጩ በጉበትና በሳንባ አልፎ ተመልሶ አንጀት ይገባና እንደ ክንድ ይረዝማል። ውርንጭላው ይስላል፣ ሆዱ ይነፋል፣ አያድግም።

ሊወልዱ ሲቃረቡ ጋጣውን ጠርጋችሁ አዲስ ጭድ አንጥፉ። የእናትየውን ጡት በለብ ያለ ውሃ እጠቡ። ውርንጭላው ሁለት ሦስት ወር ሲሞላው ለባለሙያ አሳዩት። ሆዱ በጣም የተነፋ ውርንጭላን ራሳችሁ መድኃኒት አትስጡት። ወስፋቶቹ በአንዴ ሞተው ሲወርዱ አንጀቱን እንደ ቡሽ ይዘጉታል፤ አንጀት ሊፈነዳም ይችላል። ባለሙያ ቀስ ብሎ የሚሠራውን መርጦ ይሰጠዋል። እኔ ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ውርንጭላ በዚህ አጥቻለሁ። ጠዋት ሰጠሁት፤ ማታ ሞተ።

የዓመቱ አቆጣጠር

በእኛ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ፋንድያ አስቆጥራለሁ። አንዱ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር። ያኔ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ካከምኩ ክረምቱን የሚበክል የለም። ሁለተኛው ጥቅምት። ጨፌ የሚግጡትን ደግሞ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ለጉበት ትል አስመረምራለሁ። በአንድ መንደር አምስት ስድስት ባለ አህዮች ተስማምተው በአንድ ቀን ቢያመጡ ይሻላል፤ አንድ መስክ እየጋጡ አንዱ ብቻ ቢያክም ለሳምንት ነው።

ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አህዮችን ሲያክም የኖረ ነው፤ በዚያ አካባቢ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ሌላው ቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋ ይሂድ።

መመሪያ ማንበባችሁን ትታችሁ ወዲያው ባለሙያ የምትጠሩባቸው ጊዜያት እነዚህ ናቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ምንም ካልበላች። መሬት እየጫረች ወይም ሆዷን ዞራ እያየች ከሆነ፣ ወይም እንዲሁ ፈዛ ከቆመች። ካስቀመጣት። ከሆዷ ሥር ካበጠች። መድኃኒት ከሰጣችኋት በኋላ ከተንቀጠቀጠች፣ ከተንገዳገደች ወይም በአፍንጫዋ ፈሳሽ ከወጣ። የሰጣችሁትን መድኃኒት ማሸጊያ አትጣሉ፤ ባለሙያው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።